ሰርቨር ስትገዙ መቆጣጠሪያውንም አስቡበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሰርቨር ግዥ በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው በስንት ብር ተገዛ፣ ስንት ተገዛ የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ስለማይነሳው ልጻፍላችሁ። ሰርቨሩ ማሽን ክፍል ከገባ በኋላ በምን ነው የሚተዳደረው? ጥያቄው የኛ የባለሙያዎቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ተሰልፋችሁ "ሲስተም የለም" ስትባሉ፣ ቆይታችሁ ግማሽ ሰዓት ይሁን ግማሽ ቀን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ትልቅ ሰርቨር እንደ ሰፊ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ ቢኖር፣ ለእያንዳንዱ የራሱ በርና የራሱ ቆጣሪ ከሌለው ጭቅጭቁን ታውቁታላችሁ። አንዱ ምጣድ ሲጥድ የሌላው መብራት ይጠፋል። ሎጅካል ፓርቲሽን፣ እኛ ባጭሩ ኤልፓር የምንለው፣ ለየተከራዩ በርና ቆጣሪ መስጠት ነው። ዳታቤዙ በአንዱ ክፍል፣ የሙከራ ሲስተሙ በሌላው፣ ሪፖርት የሚያወጣው በሦስተኛው። እያንዳንዱ የራሱ ፕሮሰሰርና ሚሞሪ አለው፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይነካም። ግድግዳውን የሚያቆመው ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ግድግዳው ግንብ ስላልሆነ ክፍሉን ማስፋትም ማጥበብም ይቻላል፣ ሥራ ሳይቋረጥ ጭምር።

እኔ በቅርብ የማውቀው የአይቢኤምን ፓወር ሰርቨሮች ስለሆነ በእነሱ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፒ690 የሚባለው ሰርቨር እስከ 16 ክፍል ይከፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓወር 5 የሚባለው ፕሮሰሰር ሲመጣ አንዱን ፕሮሰሰር ብቻ ለ10 መቆራረጥ ተቻለ። ያኔ ነው ችግሩ የመጣው። ሦስት ክፍል በጭንቅላት ይያዛል፣ ሠላሳ ክፍል ግን አይያዝም፤ ማን ምን ያህል እንደተሰጠው፣ ማን የማንን ዲስክ እንደሚጠቀም በትክክል የሚያሳይ መቆጣጠሪያ የግድ ያስፈልጋል።

መቆጣጠሪያው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ዋናው ኤችኤምሲ ነው። ከሰርቨሩ ውጭ የሚቀመጥ ራሱን የቻለ ኮንሶል ሲሆን፣ አንዱ ብዙ ሰርቨር ያስተዳድራል፣ አንድን ሰርቨርም ሁለት ኤችኤምሲ ሊይዙት ይችላሉ። ሌላው አይቪኤም ነበር፣ ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዛ እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ፣ ለሌሎቹ ክፍሎች ዲስክና ኔትወርክ በሚያካፍለው ቪአይኦኤስ በሚባለው ክፍል ላይ የሚሠራ። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ የለም፣ በቆዩት ላይ ግን አሁንም የሚጠቀሙበት አሉ። ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል። እኔ ግን ሰው ቢጠይቀኝ ለዋና አገልግሎት አልመክረውም። በአይቪኤም ሰርቨሩ ላይ የሚኖረው ቪአይኦኤስ አንድ ብቻ ነው፣ የሁሉም ክፍል ዲስክና ኔትወርክ በእሱ በኩል ያልፋል፣ ስለዚህ እሱን ለማደስ ሪስታርት ባደረጋችሁ ቁጥር ግቢው በሙሉ ይቆማል። በኤችኤምሲ ግን ሁለት ቪአይኦኤስ አቁማችሁ አንዱ ሲታደስ ሌላው ሥራውን ይይዛል። ለሃያ አራት ሰዓት አገልግሎት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ከዚያ በላይ ኖቫሊንክና ፓወርቪሲ የሚባሉ የማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች አሉ። ኦፕንስታክ በሚባለው የክላውድ ሶፍትዌር መንገድ ብዙ ማሽን ለሚያስተዳድር ጥሩ ናቸው። አንድና ሁለት ሰርቨር ላለው መሥሪያ ቤት ግን ምን ሊያደርጉለት? አቅራቢው በስላይድ አሳምሮ ሲያሳያችሁ ልብ ይማርካል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ፓወርቪሲ ራሱ ከሥሩ ኤችኤምሲ ወይም ኖቫሊንክ ይፈልጋል። ይህ ማለት የምትማሩት አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፣ የምታድሱትም ሁለት ሆነ። ባለሙያው ደግሞ ያው አንድ ልጅ ነው፣ እሱም በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ደመወዝ ካገኘ ይሄዳል።

አሁን በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ነውና ዳታቤዙ እንዳይጨናነቅ ብለን ከሁለት ሳምንት በፊት በኤችኤምሲ ሚሞሪ ጨመርንለት። ሥራ ሳይቋረጥ በአምስት ደቂቃ አለቀ፣ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ዘገየ፣ ዩፒኤሱም አልቻለም፣ ሰርቨሩ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ክፍሎቹን ከፕሮፋይላቸው፣ ማለትም የየክፍሉ ልክ ተጽፎ ከሚቀመጥበት መዝገብ፣ አስነሳናቸው። ዳታቤዙ ግን እምቢ አለ። ፋይል ተበላሽቶ ይሆናል አልን። ዲስኩን ፈተሽን። ባክአፕ ልንመልስ ነበር፣ አስቡት! ከአራት ሰዓት በኋላ ነው አንዱ ባልደረባዬ "ሚሞሪው ስንት ነው?" ያለው። ስናይ የድሮው ነው። ክፍሉ እየሠራ ሳለ የጨመርነው ፕሮፋይሉ ላይ አልተቀመጠም ነበር፣ ስለዚህ ከፕሮፋይሉ ሲነሳ የድሮ ልኩን ይዞ ተነሳ፣ ዳታቤዙ ደግሞ ለመነሳት የሚጠይቀው ሚሞሪ ከዚያ ይበልጣል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውጭ የቆመውን ሰው አይቼ ነው ቤቴ የገባሁት። ያ ወረፋ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በኋላ በመጡት የኤችኤምሲ እትሞች ለውጡን ወዲያው ወደ ፕሮፋይሉ የሚጽፍ ማስተካከያ አለ። በየክፍሉ ገብቶ ማብራት ነው፣ ቀላል ነው። እኛ ግን አላወቅንም፣ የነገረንም የለም፣ ምክንያቱም ሲገዛ የተሰጠን ሥልጠና ስለ ሰርቨሩ እንጂ ስለ መቆጣጠሪያው አልነበረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አሁን እየገዙ ያሉ ሰዎች በዚህ እንዳያልፉ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም አለ። ኤችኤምሲ ቢበላሽ ሰርቨሩ አይቆምም። ክፍሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የቆመ ክፍል ማስነሳት ወይም መጠን መቀየር ግን ያስቸግራል፣ የሚቸግረውም በክፉ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ኤችኤምሲ ቅንጦት አይደለም። ዋጋው ከከበደ፣ በተለይ ብሩ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ መወሰን ከጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ የውጭ ዕቃ እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን፣ ኤችኤምሲን ያለ ልዩ ሳጥን አንዱን ኮምፒውተር እንደ ብዙ ኮምፒውተር በሚያሠሩት በቪኤምዌር ወይም በኬቪኤም ሶፍትዌሮች ላይ እንደ ምናባዊ ማሽን መጫን ይቻላል። ያላችሁን ተራ ሰርቨር ተጠቀሙበት። ብቻ መቆጣጠሪያው በሚቆጣጠረው ሰርቨር ላይ አይቀመጥም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ እንደመዝጋት ነው።

የፈቃድ ክፍያውንም አልረሳሁትም። ኦራክል ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ክፍሉ የፕሮሰሰር ጣሪያ ከተበጀለት፣ ካፕድ የሚሉት ማለት ነው፣ የፈቃዱን ሒሳብ በክፍሉ ልክ ይቀበላሉ። ጣሪያ የሌለው ከሆነ አይቀበሉም። በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ አንዲት ምልክት ናት ልዩነቷ። ያቺን ምልክት አንድ ሰው ለሙከራ ብሎ ቀይሮ ቢረሳት ኦዲት ሲመጣ በዶላር ትመለሳለች። ስለዚህ ማን ምን እንደቀየረ የሚመዘግብና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ የሚሰጥ መቆጣጠሪያ ፈልጉ። ኤችኤምሲ ሁለቱንም ያደርጋል። ሲሠራበት ግን ብዙ ቦታ ሁሉም ሰው በአንድ መግቢያ ነው የሚገባው። ይህ ያሳዝነኛል። ፋብሪካው ይዞት የሚመጣው የይለፍ ቃል ለዓመታት ኤቢሲ123 ነበር፣ መመሪያው ላይ ታትሞ የሚገኝ፣ ዓለም በሙሉ የሚያውቀው፣ እኔም ሳይቀየር ለዓመታት የቆየ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን የያዘ ሰው ግቢውን በሙሉ ያጠፋዋል።

ጨረታ የምታወጡ ወገኖቼ፣ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ "ከነመቆጣጠሪያው" ብላችሁ አትለፉ። የትኛው መቆጣጠሪያ እንደሆነ ጻፉ። ስንት እንደሆነ ጻፉ። ለሁለት ሠራተኞች በመቆጣጠሪያው ላይ ሥልጠና ይሰጥ በሉ፣ ለአንድ አይደለም። ከመረከባችሁ በፊት አቅራቢው ፊታችሁ ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ያስነሳ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ሚሞሪና ፕሮሰሰርም ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ደግሞ የዋናው መግቢያ የይለፍ ቃል በእናንተ ሰው እጅ ይቀየር፣ በታሸገ ፖስታ ተደርጎ ካዝና ይግባ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሲስተም ባለሙያ
ከአዲስ አበባ