ስለ አተር ክንፍ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ሐምሌ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? እማማስ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የትንሹን ልጅህን የክርስትና ፎቶ የላክህልኝ ጊዜ ሥራ ላይ ነበርኩ። አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ ማታ ተረጋግቼ እደውልለታለሁ አልኩ። ማታ ደከመኝ። በሳምንቱ ምን ብዬ ነው የምጀምረው አልኩ፣ በወሩ አፈርኩ፣ ከዚያ በኋላማ ስምህ ስልኬ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ዓይኔን ማሸሽ ሆነ ሥራዬ። ይኸው ልጁ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ይሮጥ ይሆናል። ሰበብ የለኝም። ስንገናኝ እንደ ልብህ ትሰድበኛለህ። አሁን ግን አንድ ያስጨነቀኝ ነገር አለ፤ ከአንተ በቀር የሚገባው ሰው የለም። ነገሩ ስለ ወፍ ነው። አትሳቅ።

ልጄ ውሻ ካልገዛችሁልኝ ብላ ዓመት ሙሉ አስጨነቀችን። አፓርታማው ውሻ አይፈቅድም። ድመት ደግሞ እናቷ አትወድም። በመጨረሻ ፓራኪት ተገዛላት። ባጂም ይሉታል፤ ትንሽ የበቀቀን ዘር ነው፣ አገሩ አውስትራሊያ። አረንጓዴ ነው፣ ፊቱ ብቻ ቢጫ፤ ልጄ ገና ስታየው "አተር!" አለች፣ አተር ሆኖ ቀረ። 35 ግራም ቢመዝን ነው፣ እንቁላል ይበልጠዋል። ስንገዛው ስምንት ሳምንቱ ነበር። ግንባሩ ላይ እስከ አፍንጫው የሚደርስ ጥቁር ሰረዝ ሰረዝ አለበት፤ የልጅነቱ ምልክት ነው፣ በሦስት በአራት ወሩ ላባ ሲቀይር ይጠፋል። ሻጩ ልጅ ሒሳቡን ተቀብሎ ሲያበቃ መቀስ አነሳና "ክንፉን ልቁረጥላችሁ? አናስከፍልም" አለ። ልክ "በፌስታል ላድርግላችሁ?" እንደሚል ሰው። እኔ "ይቆይ" አልኩት። ለምን እንደሆነ ያኔ ራሴም አላወቅኩትም።

(ክንፍ መቁረጥ ስልህ ሥጋውን አይደለም፣ የላባውን ጫፍ ነው። አንተማ ታውቀዋለህ።)

ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጄ የሽቦ ቤቱን በር ከፍታ ልታስወጣው ትታገላለች። አተር ድንገት ተነሳ። አንድ ጊዜ በምጣዱ በላይ አለፈ፣ ባለቤቴ ጮኸች፣ እሱ በጩኸቱ ደንግጦ ቀጥ ብሎ ወደ በረንዳው መስታወት ሄደ። ጧ! ከሶፋው ኋላ ወደቀ። አንስቼ መዳፌ ላይ ሳደርገው አንዱ ዓይኑ ተከድኗል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ልቡ ደግሞ ድምፁ እንደተዘጋ ስልክ እጄ ላይ ይንዘረዘራል። ልጄ "ሞተ? ሞተ?" ትላለች። ጨለም ያለ ካርቶን ውስጥ አድርገን ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ ውስጥ ሆኖ ካርቶኑን መቧጨር ጀመረ።

በዚያው ማታ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቴ "ሰኞ ይቆረጥ" አለች። እውነቷን ነው፣ ምክንያት አላት። የጋለ ምጣድ አለ፣ የሚፈላ ወጥ አለ፣ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ አለ፣ በሩን ደግሞ ልጄ ከፍታ ትረሳዋለች። አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ጭልፊት ባይበላው የሜሪላንድ የክረምት ብርድ ይገድለዋል። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ናቸው፣ እሳቸውም "ዶሮስ አጥር እንዳትዘል ይቆረጥላት የለ? ወፍ ከዶሮ በለጠ?" አሉ። ልጄ ማልቀስ ብቻ። እኔ ዝም አልኩ።

ሰኞ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሟ በፎጣ ይዛ ክንፉን በሁለት ጣቷ እንደ ማራገቢያ ዘረጋችው። ከዳር በኩል 10 ረጃጅም ላባዎች አሉ፣ ለመብረር ወሳኞቹ እነሱ ናቸው። የሚቆረጥ ከሆነ ከእነሱ ከአምስት እስከ ሰባቱ ነው፤ እንደ ጥፍር ነው፣ አያምም። ግን ገና እያደገ ያለ ላባ ውስጡ ደም አለው፣ እሱን የቆረጥክ እንደሆነ እንዲህ ላለ ትንሽ ፍጥረት መድማቱ ቀልድ አይደለም። የተቆረጠው ላባ ተመልሶ አያድግም፤ አሮጌው ጉቶ ወልቆ በአዲስ እስኪተካ ወራት መጠበቅ ነው። ደግሞም በሁለቱም ክንፍ እኩል መሆን አለበት አለችኝ። አንዱን ብቻ ከቆረጡት ሚዛኑን ያጣል፣ በአንድ ጎኑ እየዞረ ይወድቃል፣ በደረቱ አጥንት ከመሬት ይላተማል።

እዚህ ላይ ስትደርስ እሷን መስማት አቆምኩ። ነጩ እርግብ ነው የመጣብኝ።

ታስታውሰዋለህ አይደል? ሽሮ ሜዳ፣ የእናንተ ኩሽና ጣሪያ። በአምስት ብር የገዛነው፣ እግሩ ላይ ላባ ያለው። ወደ ድሮ ቤቱ እንዳይመለስ እስኪለምድ ድረስ ክንፉ ይያዝ ተባባልን። ትልልቆቹ ልጆች "በክር እሰሩት እንጂ አትቁረጡት" ብለውን ነበር፣ ክር ፈልገን አጣን፣ ወይም ለመፈለግ ሰነፍን። የእማማን የልብስ መቀስ አመጣን። ቀሚስ የሚሰፉበትን፣ ማንም እንዳይነካው የተባለውን። የግራ ክንፉን ብቻ ቆረጥን፤ አንድ ክንፍ ይበቃል የሚል ነገር ከየት እንደሰማን እንጃ። ከዚያ ያ ወፍ ግቢው ውስጥ እንደ እንዝርት ሲሾር እኛ ስቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኩሽናው በር ላይ ያገኘነው ላባ ብቻ ነበር። ድመቷ አጥሩ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ትልሳለች።

እማማ የተቆጡት ለእርግቡ አልነበረም፣ ለመቀሱ ነው። ማን ነው የነካው አሉ፣ እኔ ወደ መሬት አየሁ፣ አንተ ዝም አልክ፣ አንተ ተገረፍክ። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ሐኪም ቤት ውስጥ ወፍ በፎጣ ጠቅልዬ ቆሜ አርባ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ ፊቴ ቀላ።

ለማንኛውም፣ ሐኪሟ ጨርሳ ምን ትላለህ አለችኝ። አንቺ ብትሆኚስ አልኳት። እኔ ብሆን አሁን አልቆርጠውም አለች። ይህ ገና መብረር እየተማረ ነው፤ መነሳት ይችላል፣ መዞርና ማረፍ ገና አልቻለም፣ የደረቱ ጡንቻም የሚጠነክረው በመብረር ነው። መስታወት የሚገጨው ስለሚበር ብቻ ሳይሆን ስላልለመደ ነው። ቤቱን ይልመድ፣ የግድ ከሆነም በኋላ ይቆረጣል። ሌላም የገረመኝ ነገር ነገረችኝ። ሰው ክንፉ ተቆርጧል ብሎ ተማምኖ በር ይከፍታል፣ ውጭ ግን ትንሽ ንፋስ ካገኘ የተቆረጠውም ቢሆን ተነስቶ ይሄዳል። ብዙ ሰው ወፉን የሚያጣው በዚህ ነው።

የሚቆርጡ ሰዎች ሁሉ ክፉ ናቸው እያልኩህ አይደለም። እግር ስር የሚርመሰመስ ሕፃንና ክፍት ኩሽና ያለበት ቤት ሆኖ በልኩ፣ በሁለቱም በኩል፣ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያህል ያስቆረጠ ሰው አልፈርድበትም። አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠልኝም። ሻጩ ልጅ "ከተቆረጠ ቶሎ ይለምዳችኋል" ብሎኝ ነበር። እውነት ሳይሆን አይቀርም። የት ይሄዳልና!

እቤት ገብቼ "አይቆረጥም፣ ቤቱን እናስተካክላለን" አልኩ። ማስተካከሉ ቀላል መስሎኝ ነበር። መስታወቱ ላይ ልጄ የወረቀት ኮከብ ለጣጠፈችበት። እሱ ከሽቦ ቤቱ ሲወጣ ማራገቢያው ይጠፋል፣ በሐምሌ ሙቀት። ምግብ ሲሠራ ደግሞ እሱ ቤቱ ውስጥ ነው። ትልቁ ጣጣ ግን ጭሱ ነው። የወፍ ሳንባ እንደኛ አይደለም፣ ጭስ ቶሎ ይጎዳዋል። የማያጣብቅ ቅብ ያለው መጥበሻ ከልክ በላይ ከጋለ የሚወጣው ነገር እኛን ሳይሰማን እሱን ይገድለዋል። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድም እንደዚያው የተቀባ ነው! ስለዚህ በጋገራ ቀን አተር በሩ ተዘግቶ መኝታ ቤት ነው፣ የኩሽናው መስኮት ይከፈታል። ዕጣንም ቀረ። የእሁድ ቡና ያለ ዕጣን። አማቴ ስኒውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝና "ለወፍ ተብሎ ዕጣን ተከለከለ በሉኝ። አገር ቤት ስመለስ ማን ያምነኛል?" አሉ። በሁለተኛው እሁድ ግን ከጠባቂዎቹ ሁሉ ጠንቃቃ እሳቸው ሆኑ፣ በር የከፈተ ሰው ሁሉ "አተር የት ነው?" ተብሎ ይጠየቃል።

ባለቤቴ ገና አላመነችም። ላባ እስኪቀይር ጊዜ ሰጥታኛለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተላተመ መቀሱን ራሷ እንደምታመጣ ነግራኛለች። ያኔ እሺ ማለቴ አይቀርም፤ እቤት ሳይሆን እዚያችው ሐኪም ጋ።

እናንተ ግቢ ያለው ጽድ አሁንም አለ? ክረምት ላይ ፍሬውን ሊበሉ የሚመጡት አረንጓዴ ትንንሽ ወፎች፣ ክንፋቸው ከውስጥ ጥቁር የሆነው፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ፣ ይመጣሉ? የበቀቀን ዘር መሆናቸውን ያወቅኩት አሁን ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የሉም። እኛ በድንጋይ ስናባርራቸው ነው ያደግነው። ከመጡ በስልክህ ቀርጸህ ላክልኝ፣ ለልጄ ላሳያት።

እሁድ በእናንተ ማታ 2 ሰዓት እደውላለሁ። ካላነሳህ ሰኞም እደውላለሁ። እማማ አጠገብህ ካሉ ስልኩን ስጣቸው፣ ስለ መቀሱ የምነግራቸው ነገር አለ።

ይህን ስጽፍ አተር መጋረጃው ዘንግ ላይ ወጥቶ ቁልቁል እያየኝ ይጮሃል። መውጣቱን ችሎታል፣ መውረዱ ነው የቸገረው። ወንበር ይዤ ልሂድለት።

ያው ወንድምህ