ደብዳቤ ለልጄ፣ ፍኖተ ሰላም

ልጄ እንዴት ሰነበትክ፣ እኛ ደህና ነን፣ ላማችን ቦራም ወልዳለች። እኔ እየነገርኳት እህትህ ናት በስልኳ የምትጽፍልኝ። ሐሙስ አጎትህ ለጉዳይ ወርዶ ነበር፣ ዩኒፎርምህን እንደለበስክ ከነደብተርህ ካረቄ ቤት ስትወጣ አይቶሃል። ጠርቶህ እንኳ አላወቅከውም። ያጎትህን ድምፅ! አረቄ ቤት እንዳትገባ ብዬህ አልነበር?

እኔ ይሄን ለማለት አፍ የለኝም፣ አውቃለሁ። የቤት ኪራይህም ደብተርህም እኔ አውጥቼ ከምሸጠው አረቄ ነው። የአምስት አመት ልጅ ሆነህ አረቄው ከመቃው ጠብ ጠብ ሲል በጣትህ ነክተህ ቀምሰህ ፊትህን ስታጨማድድ ቤቱ ሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ ነው አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ሌላም አልነገርኩህም። አምና የጥምቀት ማግስት ሁለት ተማሪዎች መጡ፣ ያንተ እኩዮች፣ ቀዳሁላቸው። ከ21 አመት በታች ላለ ልጅ መጠጥ መሸጥ ከ2011 ጀምሮ ባዋጅ ክልክል ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ነግራናለች፣ ሰምቻለሁ፣ ግን ብሩን አየሁ። ሌሊት ውሻው ሲጮህ ብወጣ አንዱ ካጥሩ ስር ወድቆ ትውከቱ ሊያንቀው ነው። ጎትቼ አስገብቼ በጎኑ አስተኛሁት፣ ጋቢዬን አለበስኩትና እስኪነጋ ትንፋሹን ሳዳምጥ አደርኩ። ጠዋት እናቱ መጥታ ልጄን አተረፍሽልኝ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ማን እንደቀዳለት አላወቀች፣ እኔም አልነገርኳት። እስከዛሬ ቤተክርስቲያን ሳገኛት መንገድ እቀይራለሁ።

አረቄ ቤት አትግባ የኔ ጌታ። ዳግሙን፣ ሁለቴ የወጣውን አረቄ፣ እሳት ላይ ጠብ ሳደርገው ቦግ ሲል አይተኸዋል፣ እሱን ነው ባዶ ሆድህ ላይ የምትጨምረው። ጓደኞቼ ገዝተውልኝ ነው እንዳትለኝ፣ ማንም ይግዛው።

በሶውን በሹፌሩ ልኬልሃለሁ፣ ዳቦውን ቀድመህ ብላ ይሻግታል። ኪራዩን ከንግዲህ ላከራይህ እራሴ ነው የምሰጥ፣ ባንተ እጅ ብር አይገባም፣ ብትቆጣም ተቆጣ። አረቄ ማውጣቱን ትቻለሁ፣ ሁለቱን በግ ሸጨ አመቱን እንዘልቃለን፣ ቀጥሎ ያለውን እግዜር ያውቃል።

እሁድ እመጣለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቀኝ። ማታ ይበርዳል ብለሃል አሉ፣ ጋቢ ይዤልህ እመጣለሁ። ያንኑ ጋቢ ነው፣ ሁለቴ አጥቤዋለሁ።

እናትህ