ለአባዬ፣ ከመብራት ያዥህ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ?

ብደውልልህ ይቀለኝ ነበር። ግን ስልክ ላይ አይሆንልንም። አንተ ገና «ደህና ነኝ» ብለህ ሳትጨርስ ወደ ኖርተን ማንክስህ፣ ወደዚያ የድሮ የእንግሊዝ የውድድር ሞተር ሳይክል ትገባለህ፣ እኔም ተከትዬህ እገባለሁ። ከዚያ ልጆቹ ይጠሩኛል፣ የደወልኩበትን ነገር ሳልናገር እዘጋለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ የብስክሌቱን የኋላ ቸርኬ ፈቶ ኩሽኔታዎቹን በመጠጫ ብርጭቆ ዘፍዝፏቸው አገኘሁት። በምን እንደዘፈዘፋቸው አልነግርህም፣ ታበረታታዋለህ። የትንሿ የፊት ጥርስ ወልቋል። «አያቴ ይበይድልኛል» እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች። ባሌም ሰላም ብሎሃል። ክረምቱን ሥራ ሊቀይር ነው መሰለኝ፣ ገና አልተወሰነም። የቤቱንም ቀለም ልናድስ አስበናል።

እያዘገየሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

የላክኸውን የሰልባትዮውን፣ የቤንዚን ጋኑን፣ ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ቆንጆ ነው። የግራው ጎን ከቀኙ ትንሽ የሞላ መሰለኝ፣ ግን የፎቶው አነሳስ ይሆናል። ላሜራውን በእንጨት መዶሻና በአሸዋ ከረጢት ብቻ እንዲህ ማጉበጥ በዚህ ዕድሜህ! ሳሙናውን አሁንም እንደ ድሮው ትቀባለህ? አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ 660 ዲግሪ ሲደርስ ዝም ብሎ ቀልጦ ይወርዳል ትለኝ ነበር። ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ታነሳለህ፣ ላሜራው ለስልሷል። የእማዬ ሳሙና ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አንተና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው። አይጥ ነው ትል ነበር። አሁን ሳስበው ግን እሷም የምታውቅ ይመስለኛል።

እሺ። ጎረቤትህ ደውላልኝ ነበር። እባክህ አትቆጣት፣ ለአንተ ብላ ነው።

ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ግቢው ድረስ መጣብኝ አለች። ስትገባ አንተ ወንበር ላይ ተኝተሃል፣ የመበየጃው ጋዝ፣ የአሴቲሊኑ ሲሊንደር ግን ክፍት ነው። «ትንሽ ሸለብ አደረገኝ» አልካት። አባዬ፣ ይሄ ጋዝ አየር ውስጥ ሦስት በመቶ እንኳ ሳይሞላ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ። «መጀመሪያ ሲሊንደሩን መዝጋት፣ ከዚያ ቱቦውን ማስተንፈስ፣ ከዚያ ነው ወደ ቤት» እያልክ በቃሌ አስጠንተኸኛል። አሥር ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሸመደድኩት እሱን ነው።

ስለ ክራንክ ቤቱም፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ ስላቀፈው ቅርፊት፣ ልንገርህ። ማግኒዝየም ነው። ስትሞርደው የሚረግፈውን ብናኝ ወለል ላይ አትተወው። ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገብህ አስቀምጥ። ይህንንም የተማርኩት ካንተ ነው፣ ታውቀዋለህ። ታውቀዋለህ አይደል?

ባለፈው እሁድ ስንነጋገር ክራንኩ ከቶርኖ ቤት እንደመጣ ነገርከኝ። በጣም ደስ አለኝ። ልጆቹን አገናኘሁህ፣ ሳቃችሁ፣ መልሰው ስልኩን ሰጡኝ። ያኔ «የምሥራች ልንገርሽ፣ ክራንኩ መጣ» አልከኝ። እኔም እንደ አዲስ ደስ አለኝ አልኩህ። ምን ልበልህ?

ከፎቶው ጋር የወረቀትህንም ፎቶ ልከሃል። የዚህ ሞተር ፒስተን ስፋት 86 ሚሊ፣ ምቱ፣ ፒስተኑ የሚወጣ የሚወርድበት ርቀት፣ 85.6 ነው። እኔ የራሴን ጫማ ቁጥር ሳላውቅ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አውቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የጻፍከው 79.6 በ100 ነው። እሱ የድሮው ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1954 በፊት የነበረው። ምናልባት ሐሳብህን ቀይረህ የድሮውን ማንክስ ልትሠራ ይሆናል። ቀይረህ ከሆነ ንገረኝ። እባክህ «ቀይሬ ነው» በለኝ።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልግባ። ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ ሞኝነት ነው፣ ግን ሳልጽፈው ይህ ደብዳቤ አያልቅም።

ሻሲውን የበየድክበትን ሰሞን ታስታውሰዋለህ? ያን ሁሉ ሌሊት መብራቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ተኝቶ ነበር። እጄ ሲዝል በሌላው እቀይራለሁ፣ ጥላው መጋጠሚያው ላይ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቅኩ። ከካፖርትህ የሚመጣው የጉሎ ዘይት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እየሠራህ ታወራልኝ ነበር። ከቤልፋስት ስለመጡት ስለ ማካንድለስ ወንድማማቾች፣ ኖርተን የእነሱን ሻሲ በፈረንጆቹ 1950 ለውድድር ሲያወጣው ስለሆነው ሁሉ። የኖርተኑ ተወዳዳሪ ሃሮልድ ዳንኤል ነድቶት ሲወርድ የላባ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ አለ፣ ስሙም በዚያው «የላባ ፍራሽ» ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት በአይል ኦፍ ማን ደሴት ውድድር፣ አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር በሆነው መንገድ ላይ፣ በ350 ሲሲውም በ500 ሲሲውም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ኖርተን ጠራርጎ ወሰደው። አንተ ስታወራው ቆመህ ያየህ ነበር የምትመስለው።

አንድ ሌሊት ጠየቅኩህ። ብረቱን ራሱን አቅልጠን ማጣበቅ ስንችል ለምን በነሐስ እንበይዳለን? መነጽርህን አወለቅክና አየኸኝ። ቱቦው ሬይኖልድስ 531 የሚባል ጠንካራ ብረት ነው፣ ስስ ነው፣ እስኪቀልጥ ከተቃጠለ ጥንካሬው ይጠፋል አልከኝ። ነሐሱ ግን 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈስሳል፣ ብረቱ ሳይቀልጥ ይያያዛል። ከዚያ «ጎበዝ» አልከኝ። አንድ ጊዜ ነው ያልከው። እስካሁን ይዤዋለሁ።

ሲያልቅ ከኋላ ቸርኬ እስከ ፊት ቸርኬ ሲባጎ ወጠርን። ሦስት ሚሊ ዘሞ ነበር። ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ግማሹን ቀን እያሞቅን መልሰን አቃናነው።

በማግሥቱ እንግዶች መጡ። ሻሲው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዞረው ዞረው አዩት፣ አደነቁ። አንተ ወንድሜ ትከሻ ላይ እጅህን አድርገህ «ከልጄ ጋር ነው የሠራነው» አልክ። እሱ ግራ ገብቶት ፈገግ አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረህ «አንቺ፣ መብራቱን አጥፊው፣ ቆጣሪው ይቆጥራል» አልከኝ።

አጠፋሁት።

ይኸው ነው። አልመታኸኝም፣ አልሰደብከኝም። ቀለቤን፣ ትምህርቴን፣ ሁሉን ነገር አሟልተህ ነው ያሳደግከኝ፣ እግዜር ይስጥህ። ከዚያ የሆነው ሆነ፣ ሻሲውም ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። እኔ ግን ያን ሸራ ባየሁ ቁጥር መብራት ሳጠፋ ነው የሚታየኝ።

አሁን ደግሞ «ወንድምሽን ጠይቂልኝ፣ ሲያልቅ ይወስደው እንደሆነ» አልከኝ። ጠየቅኩት። «ሳሎን ውስጥ ያምራል» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው፣ አትቀየመው። ክራንክና ካምቢዮ የማይለይ ሰው ምን ይበል?

እኔን ግን አልጠየቅከኝም።

አሁን ሥራ ላይ እንመለስ። ይህ ሞተር በእግር ተመትቶ የሚነሳ አይደለም፣ መምቻም የለውም። ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሪሲዮኑን ይዘህ፣ እየገፋህ ሮጠህ ነው የምትለቀው። ካርቡራተሩም ዝም ብሎ ቆሞ አያጓራም፣ ጋዙን ካልያዙት ይጠፋል። ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እያረፍክ ውጣ ብሎሃል። ታዲያ ማን ነው የሚገፋው? ወንድሜን እንዳትለኝ፣ ወገቡን ያመዋል። አስቤበታለሁ፣ እኔ እገፋለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። አንተ ተቀመጥበትና ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ ግን ከግቢው አትወጣም። በዚህ አንከራከርም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ልጆቹን አላመጣም። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። የልቡ ሐኪም አይደለም። የመርሳቱን ነገር የሚያይ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ስልክ ላይ ልልህ ፈልጌ ሦስት ሳምንት ያቃተኝ ይቺ ናት። አብሬህ እገባለሁ፣ ካልፈለግክ ውጭ እጠብቅሃለሁ። ተቆጥተህ ስልኬን ባታነሳም እመጣለሁ።

እስከዚያ ሲሊንደሩን እንዳትነካው። ቁልፉን ለጎረቤትህ ስጣት፣ ነግሬያታለሁ። ክራንኩንም ለብቻህ አትግጠም። ኩሽኔታው ሲገባ አንድ ሰው መያዝ አለበት፣ መያዝ ደግሞ እችልበታለሁ።

ያን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥተህ ቁጥሩን እንደገና እየው። 86 ከሆነ ደውልልኝ። ሌላም ከሆነ ደውልልኝ።

ልጅህ