እማዬ፣ ስለ መርፌው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። ትንሿ ግን አልነሳም እያለች በየጠዋቱ ታንጨረጭረኛለች፤ ከማን እንደወረሰችው አንቺው ታውቂያለሽ።

የላክሽልኝን የላብራቶሪ ወረቀት አየሁት። የድምፅ መልእክትሽንም ሰማሁ። እትዬ አልማዝ ቡና ላይ «ልጄ መርፌ ልካልኝ ኮሌስትሮሌ ወረደ፣ ኪኒኑንም ተገላገልኩ» ስላሉሽ አንቺም በሚመጣ ሰው እንድልክልሽ ፈልገሻል። በስልክ ብጀምረው አታስጨርሺኝም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

እትዬ አልማዝ ግማሹን እውነት ነው የነገሩሽ። መድኃኒቱ ሴማግሉታይድ ይባላል። ለስኳር ሲሆን ኦዘምፒክ፣ ለክብደት ሲሆን ዌጎቪ ተብሎ ይሸጣል። በሳምንት አንዴ ነው የሚወጉት፤ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ የተበላውም ቶሎ ከጨጓራ እንዳይወጣ ያደርጋል።

የክብደት መድኃኒት ሲባል ድሮ የልብ ሐኪሞች ይሸሹት ነበር። ሲቡትራሚን የሚባለው የልብ ሕመምተኞችን ለድንገተኛ የልብ ጥቃትና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። ይሄኛው ግን ልብ ላይ ተፈትኗል፤ ያውም እንደ አንቺ ባሉ ሰዎች ላይ። ጥናቱ ሴሌክት ይባላል፣ ውጤቱ የወጣው በ2023 ነው። ከ17,600 በላይ ሰው ተሳትፏል። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ፣ የልብ ወይም የደም ሥር ችግር የነበረባቸው፣ ስኳር ግን የሌለባቸው ናቸው። አንቺም ስቴንት፣ ያ የልብን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዘው ቱቦ፣ ገብቶልሻል፣ ስኳር የለብሽም። ለዚህ ነው ጥያቄሽን አቅልዬ ያላየሁት።

ሦስት ዓመት አለፍ ብሎ ሲቆጠር፣ ለማነጻጸሪያ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ መርፌ ከወሰዱት 200 ሰዎች 16ቱ የልብ ጥቃት ወይም ስትሮክ አግኝቷቸዋል፣ ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም ሞተዋል። መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ 13ቱ። ዜናው «በ20 በመቶ ቀነሰ» ሲል ይሄን ማለቱ ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ ተአምር ግን አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀትሽ ልምጣ። ትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት፣ የሚለው መስመር ላይ ቁጥርሽ ከፍ ብሏል። መርፌው ጎላ ያለ ለውጥ የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው፤ በጥናቱ በአማካይ 18 በመቶ ገደማ ወርዷል። ቦርጭ ውስጥ የተከማቸው ስብ ያለማቋረጥ ወደ ጉበት ይፈስሳል፤ ጉበትም ትራይግሊሰራይድ እያደረገ ወደ ደም ይለቀዋል። ሰው ሲከሳና ምግብ ሲቀንስ ጉበትም ሥራው ይቀልለታል። የደም ግፊትም ትንሽ ወርዷል። በደም ውስጥ የሚለካው የብግነት ምልክት ደግሞ ከሲሶ በላይ ቀንሷል፤ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው።

መጥፎው ኮሌስትሮልስ? ኤልዲኤል የሚሉት? እሱ የወረደው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ባዶውን መርፌ የወሰዱትም 3 በመቶ ያህል ወርዶላቸዋል። የማታዋ ኪኒንሽ፣ አቶርቫስታቲን፣ እንደ መጠኗ ከ30 እስከ 50 በመቶ ታወርደዋለች። ስለዚህ «ኪኒኑን ተገላገልኩ» የሚለውን ወሬ እዚያው ቡናው ላይ ተዪው። በጥናቱ ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ እኮ ስታቲናቸውን፣ ማለትም እንደ አንቺ ያለውን የኮሌስትሮል ኪኒን፣ እየዋጡ ነው መርፌውን የወሰዱት። መርፌው የተመሰገነው ከኪኒኑ ጋር ሆኖ ነው። ኪኒኗን ካቆምሽ ያ ጥናት ስላንቺ የሚናገረው ነገር የለም።

በሻንጣ የመላኩን ነገር እርሺው እማዬ። ያልተከፈተው መርፌ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰው ቦሌ ደርሶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ አንቺ ጋ እስኪመጣ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ከፋርማሲ ውጭ በእጅ የሚዞረውንም እንዳትነኪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ሐሰተኛ ኦዘምፒክ እየተሸጠ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ደግሞም አንድ ወር ተወግቶ የሚተው ነገር አይደለም። ያቆሙት ሰዎች የቀነሱትን አብዛኛውን መልሰው ጨምረዋል፤ የደም ቁጥራቸውም ተከትሎ ተመልሷል። ብሩ አይደለም የሚያሳስበኝ፣ እሱን እኔና ወንድሜ እንችላለን። የሚያሳስበኝ ማን ይከታተልሻል የሚለው ነው።

ስለዚህ የልብ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ይሄንን ደብዳቤም ይዘሽ ግቢ። ሐሞት ከረጢትሽ ውስጥ ጠጠር አለ ተብለሽ እንደነበር ንገሪው፤ መርፌው ያንን ሊያባብስ ይችላል። ቆሽትሽን አሞሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ በዘራችንም የእንቅርት ካንሰር ካለ ሳይጠይቅሽም ተናገሪ። ጾሙንም አትደብቂው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምሽ፣ በዚያ ላይ ምግብ የሚያስጠላ መድኃኒት ተጨምሮ፣ ውኃም ሳትጠጪ ብትውዪ ትወድቂያለሽ። ከስብ ጋር ጡንቻም ይሄዳልና ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን ጠንከር አድርጊ። አስቀድመሽ ከንስሐ አባትሽም ጋር ብትነጋገሪ ደስ ይለኛል፤ እኔን ባትሰሚኝ እሳቸውን ትሰሚያለሽ።

ሐኪሙ «ይሁን» ካለና እዚያው በሐኪም ማዘዣ ከታወቀ ፋርማሲ ከተገኘ፣ ገንዘቡን በማግስቱ እልካለሁ። «አይሆንም» ካለም አትከራከሪው።

ለአባዬ መድኃኒቱን እንዳይረሳ ንገሪልኝ። ማክሰኞ እደውላለሁ፤ እስከዚያ ቀጠሮ ይዘሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ