ሁለት ዓመት ከስምንት ወር አብራችሁኝ ለተንከራተታችሁ

ባለፈው ሐሙስ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዲት ሐኪም ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ «ልጅሽ ኦቲዝም አለበት» አለችኝ። ይህችን ለመስማት ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ደጅ ጠንቻለሁ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሐኪሟ ሶፍት አቀበለችኝና እስኪወጣልኝ ዝም ብላ ጠበቀች። ሐዘን ነበረበት፣ አልዋሽም። እፎይታው ግን ይበልጥ ነበር። የልጄ ነገር ስም አለው። እኔም አላጋነንኩም፣ ከመሬት ተነስቼ አልተጨነቅኩም።

የምጽፈው ለማመስገን ነው። መንገዱን ካልነገርኳችሁ ግን ውለታው ምን ያህል እንደሆነ አይገባችሁም።

ማሙሽ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የምንጠራው፣ በዓመት ከሦስት ወሩ «እማ» ይል ነበር። «ውሃ» ይል ነበር። መብራት ሲመጣ ወደ አምፖሉ እየጠቆመ ይስቅ ነበር። ዓመት ከስምንት ወር ሲሞላው ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። መጠቆሙም ቀረ። ስሙን ብንጠራው አይዞርም። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሙዚቃ ከሰማ ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። ቆርኪ ይሰበስባል። መስኮቱ ሥር በቀለም እየለየ ይደረድረዋል። አንዷ ከቦታዋ ከተነሳች ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ከደረቅ እንጀራና ከመኮሮኒ ሌላ አይቀምስም።

መጀመሪያ ክሊኒክ የወሰድኩት ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ወንድ ልጅ ይዘገያል። አባቱስ መቼ ነው አፉን የፈታው?» አለኝ። ስድስት ወር ጠብቂ ተባልኩ። ጠበቅኩ። ጎረቤት «ቴሌቪዥን አብዝታችሁበት ነው» አለ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋን። ዘመድ «ምላሱ ታስሮ ነው» አለ፣ ምላሱን አሳየን። ምላሱ ደህና ነው። ስድስቱ ወር አለቀ። ልጄ አንዲት ቃል አልጨመረም።

ከዚያ ጆሮው ይታይ ተባለ። ይሄ ትክክል ነው። ንግግር የዘገየበት ልጅ ጆሮው መታየት አለበት። የከፋኝ አደራረጉ ነው። ማሙሽ ጭንቅላቱን የሚነካው ነገር አይወድም፣ ኮፍያ እንኳ አያስደርግም። እነሱ ደግሞ ማዳመጫ ጭነውበት ድምፅ ሲሰማ እጁን እንዲያነሳላቸው ፈለጉ። እሪታውን አቀለጠው። ካርዱ ላይ «አልተባበረም» ተብሎ ተጻፈ። ሌላ ቀጠሮ፣ ከሁለት ወር በኋላ። አሁንም «አልተባበረም»። ሦስተኛውም እንደዚያው። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች። ሕፃን ልጅ ነው፣ ምን አድርግ ተብሎ ይተባበር?

«የጭንቅላቱ ነገር ይታይ» ተባልን። በግል ኤምአርአይ ተነሳ። ለማደንዘዣው፣ ለምርመራው፣ ለመመላለሻው የባለቤቴ የሁለት ወር ደመወዝ ሄደ። ውጤቱ ኖርማል። ደም ተሰጠ፣ ኖርማል። ሆርሞን ታየ፣ ኖርማል። እኔ ኖርማል የሚለውን ወረቀት ይዤ ቤት ስገባ ልጄ ምሽቱን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ይታገላል። ኦቲዝም በደምም በራጅም እንደማይታይ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ምልክት ያለበት ልጅ የአንጎል ምርመራ ያስፈልገዋል። ልጄ ግን ያ አልነበረበትም። ኦቲዝም የሚታወቀው ልጁን ቁጭ ብሎ በማየት ነው። ሲጫወት፣ ሲከፋው፣ ሲጠራ። አስተዳደጉንም ከወላጅ በመጠየቅ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጄ ያልገባበት መሣሪያ የለም። ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

ቀጥሎ ወደ ሕፃናት የአእምሮ ጤና ክፍል ሪፈር ተጻፈልን። ቀጠሮው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ቀኑ ደርሶ ሄድን። ሐኪሙ ለትምህርት ሄደዋል። ካርዳችንም ጠፍቷል። እንደገና ካርድ፣ እንደገና ወረፋ፣ እንደገና ከእርግዝናዬ ጀምሮ መተረክ። በየክፍሉ ያው ጥያቄ ነው። «ስታረግዢ ደንግጠሽ ነበር? ከባልሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?» ሌሊት እንቅልፍ እያጣሁ ያረገዝኩባቸውን ወራት ቀን በቀን ቆጥሬአለሁ፣ ጥፋቴን ፍለጋ። ኋላ ሳነብ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በውጭ አገርም ሐኪሞች ኦቲዝምን ከእናት ፍቅር ማጣት የመጣ ነው ይሉ እንደነበር አወቅኩ። ሐሳቡ ስህተት እንደሆነ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስንት እናት ግን ያንን ተሸክማ አለፈች።

አንድ ቦታ ደግሞ የኦቲዝም ምልክት የሚለይ፣ 20 ጥያቄ ያለበት በእንግሊዝኛ የታተመ ወረቀት ሰጡኝ። ለባለቤቴ እየተረጎምኩ ሳነብ አናቱ ላይ ከ16 እስከ 30 ወር ለሆናቸው ልጆች ይላል። ማሙሽ አራት ዓመት አልፎታል። ስነግራቸው «ዝም ብለሽ ሙዪው» አሉኝ። ሞላሁት። ያንን ወረቀት በጊዜው፣ ክሊኒክ ስመላለስ የሚሰጠኝ አጥቼ፣ ጊዜው ሲያልፍ ተሰጠኝ። ከሁሉ አንጀቴን የበላው ይሄ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል ያገኘሁሽ እህቴ፣ ካርዴ ጠፋ ተብዬ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ወጥተሽ አነሳሽኝ። የሥራ ሰዓትሽ አልቆ ነበር። ነጠላሽን አስቀምጠሽ መደርደሪያውን ከታች እስከ ላይ ፈተሽሽ። ካርዱ በስህተት ሌላ ዓመት ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ስልኬንም በራስሽ ደብተር ጻፍሽ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውለሽ «አዲስ ሐኪም መጥታለች፣ ማክሰኞ ጠዋት ድረሺ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያቺ ስልክ ባትደወል ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ወረፋ ላይ ነበርኩ። ስምሽን እዚህ አልጽፍም፣ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

አራተኛው የጆሮ ቀጠሮ ላይ ያገኘሁህ ወንድሜ፣ ማሙሽ ገና ሲያይህ ሲጮህ ማዳመጫውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተህ መሳቢያ ውስጥ ከተትከው። «ይሄ ልጅ በዚህ አይታይም። ተኝቶ ነው መመርመር ያለበት። መሣሪያው እዚህ የለንም፣ የት እንዳለ እኔም አላውቅም። ጠይቄ ግን እደውልልሻለሁ» አልከኝ። በማግስቱ ደወልክ። በሁለት ዓመት ውስጥ «አላውቅም» ያለኝ የመጀመሪያው ባለሙያ አንተ ነህ። ሌሎቹ ሁሉ እርግጠኞች ነበሩ።

የላክኸንም ቦታ ሄድን። እንዲደክመው ብለን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀሰቀስነው። እዚያ ያሉት ሴት ባለሙያ እቅፌ ላይ እስኪተኛ ድረስ ምሳቸውን ትተው ጠበቁን። ግንባሩና ጆሮው ሥር ትንንሽ ነገር ለጠፉ፣ ድምፅ ለቀቁ፣ የአንጎሉን ምላሽ ማሽኑ ጻፈው። ሁለቱም ጆሮዎቹ ይሰማሉ። ሲነቃ ከረሜላ ሊሰጡት ፈልገው «ይወዳል?» ብለው መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለችም።

ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጥሽ የ11 ዓመት ልጅ እናት፣ ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅሽ ተጠርተሽ ገባሽ። «በቀጠሮው ቀን ልጅሽ የሚያደርገውን አያደርግልሽም። ቤት ውስጥ በስልክሽ ቅረጪው። ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ስትጠሪው» አልሽኝ። ቀረጽኩ። በሁለት ወር 14 ቪዲዮ ያዝኩ። እውነትሽን ነው፣ ሐኪሟ ፊት ማሙሽ ጥግ ይዞ ተኛ። ሐኪሟ ግን ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ አንዳንዶቹን ሁለት ጊዜ። ይህን የምታነቢ እናት ካለሽ ዛሬውኑ መቅረጽ ጀምሪ።

አማቴ፣ እማማ፣ መጀመሪያ ሰሞን ተጣልተናል። እርስዎ ጸበል አሉ፣ እኔ ሐኪም አልኩ። ሁለታችንም ፈርተን ነበር። የንስሐ አባታችን ግን ሁለታችንንም አስቀምጠው «ጸበሉም አይቅር፣ ሐኪሙም አይቅር። ልጁን ግን ርኩስ ነገር አለበት ብላችሁ አታስጨንቁት» አሉን። ከዚያ በኋላ እርስዎ በየቀጠሮው ጠዋት ቀድመው ተነሥተው እንጀራውን እሱ እንደሚወደው አድርቀው በፌስታል ያስይዙኝ ነበር። አባታችን፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

በታችኛው ፎቅ ያለሽው የ9 ዓመት ልጅ፣ ሌሎች ልጆች ሲሸሹት አንቺ ከአባትሽ ግሮሰሪ ቆርኪ እየሰበሰብሽ ታመጪለት ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አንቺም የራስሽን ትደረድሪያለሽ። አታናግሪውም፣ አትነኪበትም። ባለፈው ወር አንዷን ቀይ ቆርኪ አንስቶ ከአንቺ መስመር ጫፍ ላይ አደረገ። እኔ በበሩ በኩል አይቼ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ባለቤቴ፣ የኔ ጌታ፣ ደመወዝህን አይደለም የማመሰግንህ። ሰው ሁሉ «ከእሷ ነው» ሲል አንተ በዘመድ ፊት ተነሥተህ «የሁለታችን ልጅ ነው» ስላልክ ነው።

ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንዲት ሴትም አሉብኝ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ። እሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። በ2002፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ያኔ እንዲህ ያለውን ልጅ ብዙ ሰው ጓዳ ይደብቅ ነበር። እሳቸው ግን ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ስለ ልጃቸው ተናገሩ። እኔ ሳላገባ፣ ሳልወልድ፣ እናቴ ቤት ሆኜ አይቻቸዋለሁ። የልጄ ቃላት ሲጠፉ ወደ አእምሮዬ የመጣው የሳቸው ድምፅ ነው። «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ከሳቸው ባልሰማ ምን ብዬ እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማረፋቸውን ስሰማ ማሙሽ ገና አልተወለደም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ልጆቻቸውን ይዘው በር ሲያጡ በር የሠሩ ሰዎች ናቸው። ነፍስ ይማር፣ ወይዘሮ ዘሚ።

በመጨረሻ ሐኪማችን። በመጀመሪያው ቀን «ዛሬ አልነግርሽም፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሁለቴ ትመለሻለሽ» ስትዪኝ ልቤ ወድቆ ነበር። ሌላ ዛሬ ነገ መስሎኝ ነው። አንቺ ግን ለሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ አብረሽው ነበርሽ። ሌሎቹ «ዓይን ለዓይን ያያል?» ይሉኝ ነበር። እኛ ትልቅ ሰው ላይ ዓይን አታፍጡ እየተባልን ነው ያደግነው፣ ምን ብዬ ልመልስ? አንቺ ግን «ደስ ያለውን ነገር ሊያሳይሽ ያመጣልሻል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ወዲያው መለስኩልሽ። ያን ሁሉ ቆርኪ ሲሰበስብ አንዷን እንኳ «እዪልኝ» ብሎ አምጥቶልኝ አያውቅም። ውሃ ሲፈልግ እጄን እንደ ዕቃ ይዞ ፍሪጁ በር ላይ ያስቀምጠዋል። ያንን ስነግርሽ መጻፍሽን አቆምሽና ቀና ብለሽ አየሽኝ። የዚያን ቀን ነው የሰው ጆሮ ያገኘሁት።

ከመሸኘትሽ በፊትም ወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፍሽልኝ። የት እንደምንሄድ፣ ማንን እንደምንጠይቅ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደምናደርግ። ስልክ ከነስሙ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሚቀጥለው በር የት እንደሆነ በግልጽ የተጻፈልኝ ያኔ ብቻ ነው። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ይህቺን አንዲት ወረቀት ጻፉልን። የማታውቁትንም አላውቅም በሉን። አንቀየማችሁም።

እና አንተ ሹፌራችን ወንድሜ። በመጀመሪያው ቀን ማሙሽ ጆሮውን ሲይዝ በመስተዋቱ አይተህ ሬዲዮኑን ዘጋህ። መስኮቱንም ከፍ አደረግክ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ከፍተህ መጥተህ አታውቅም። ሁለት ጊዜ ሒሳብ አልቀበልም ብለህ ሄደሃል። የንግግር ሕክምናው ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል። 2 ሰዓት ከሩብ ላይ በር ላይ እንጠብቅሃለን። ቆርኪዎቹንም ይዘን ነው የምንወጣው።