ጉም ጠጥታ ወደ ቦቴ የተመለሰች መንደር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጉም በመረብ የተያዘ ውሃ ትጠጣ ስለነበረች አንዲት የቺሊ መንደር ነው። ቹንጉንጎ ትባላለች። «ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?» ቢሉ አልፈርድብዎትም። ግን የገጠር ውሃ ጉዳይ በእጁ ያለ ባለሙያ ሁሉ ታሪኳን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ቹንጉንጎ በኮኪምቦ ክልል፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 300 ሰው ገደማ ይኖርባት ነበር። እኛ ዘንድ ብትሆን ቀበሌ ለመባልም አትበቃ።

አየሯ ግራ ያጋባል። ከፊቷ ባህር፣ ከአናቷ ደመና፤ ዝናብ ግን የለም ማለት ይቻላል። በአብዛኛው ዓመት ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ነው የሚዘንበው። ምክንያቱ ባህሩ ራሱ ነው። ሀምቦልት የሚባለው ቀዝቃዛ የባህር ሞገድ ዳርቻውን ይዞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በላዩ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ዝቅ ያለ ደመና ይሠራል። ከደመናው በላይ ደግሞ ሞቃትና ደረቅ አየር አለ፤ እንደ ድስት ክዳን ተጭኖ ይይዘዋል። ደመናው ከፍ ብሎ ዝናብ መሆን ስለማይችል ነፋስ ወደ የብስ ይገፋዋል፤ ከባህሩ ዳር ካሉት ተራሮች ጋር ሲላተም ጉም ይሆናል። የአገሩ ሰው ካማንቻካ ይለዋል። ኤል ኒኞ በመጣበት ዓመት ባህሩ ስለሚሞቅ ዝናቡ በርከት ይላል፤ ኤል ኒኞን ጠብቆ ግን ማን ይኖራል?

ከመንደሯ በላይ ኤል ቶፎ የሚባል ተራራ አለ። ሸንተረሩ ከባህር ወለል በላይ 780 ሜትር ገደማ ነው። ብረት ስላለበት ከ1913 ጀምሮ ቤተልሔም ስቲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያዘው። ማዕድኑ ከመንደሯ አጠገብ ባለችው ክሩስ ግራንዴ ወደብ በመርከብ ይጫንና በፓናማ ቦይ አድርጎ አሜሪካ ይገባ ነበር። የሠራተኞች መኖሪያ ከተማም ተራራው ላይ ተሠርቶ ነበር። ብረቱ ሲመናመን ኩባንያው ወደ ሌላ ቦታ ዞረ፣ በ1970ዎቹም ማዕድኑ ተዘጋ። ኤል ቶፎ ሰው አልባ ሆነ። የታች ሰዎች ግን ዓሣቸውን እያጠመዱ ቀሩ። የሚጠጡት ውሃ በቦቴ ይመጣላቸው ነበር፤ ለአንድ ሰው በቀን 14 ሊትር ገደማ ይደርሳል። ከአንድ ጄሪካን ያነሰ ነው። ይህን ኑሮ ከእኛ ሰው ማን አያውቀውም?

ጉም ማጥመድ እዚያ አገር ድንገት የመጣ ነገር አይደለም። ካርሎስ ኤስፒኖሳ የተባለ የአንቶፋጋስታ ምሁር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሞክረው ነበር። በ1987 ደግሞ የቺሊ ዩኒቨርሲቲዎችና የደን ድርጅቱ ኮናፍ፣ በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ፣ ኤል ቶፎ ላይ 50 መረብ ተከሉ። ከተመራማሪዎቹ ቺሊያዊቷ ፒላር ሴሬሴዳና ካናዳዊው ሮበርት ሼመናወር በስም ይታወቃሉ።

ሥራው ቀላል ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል 12 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የፕላስቲክ መረብ ይወጠራል። የአትክልት ጥላ የሚሠራበት ዓይነት ነው፤ ሁለት ድርብ ይደረጋል። የጉም ጠብታ ከማነሱ የተነሳ ወደ መሬት አይወርድም፣ ከነፋስ ጋር ይሄዳል። መረቡ ላይ ሲደርስ ክሩን ይይዛል። ጠብታ ከጠብታ ይጋጠማል፣ ይከብዳል፣ ከታች ወዳለው ቦይ ይወርዳል። አንድ ካሬ ሜትር መረብ በአማካይ በቀን 3 ሊትር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ቧንቧ ነው። ሸንተረሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ፓምፕ የለ፣ ነዳጅ የለ፣ መብራት ጠፋ ብሎ ጣጣ የለ።

በግንቦት 1992 የጉም ውሃ መንደር ገባ። የመረቦቹ ቁጥርም እያደገ ወደ 100 ተጠጋ። በቀን በአማካይ ከ11,000 እስከ 15,000 ሊትር ይገኝ ነበር፤ ለአንድ ሰው 33 ሊትር ያህል። በየግቢው አትክልት በቀለ፣ አበባም ተተከለ። ዓለም ሁሉ እየመጣ ጎበኘው፣ ፎቶ አነሳ። ውሃ ያለበት ቦታ ሰው ይወዳልና የነዋሪው ቁጥርም ጨመረ።

ክቡር ሚኒስትር፣ የጻፍኩልዎት ግን ለዚህ አይደለም። የዚህን ግማሽ በየስብሰባው ሲያቀርቡልዎ ሰምተውት ይሆናል። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ግማሽ እንዲሰሙ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ መረቦቹ የሉም ማለት ይቻላል። ጉሙ እንደ ድሮው ይመጣል፤ የሚይዘው ጠፋ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቹንጉንጎ ወደ ቦቴ ተመለሰች።

ምን ሆነ? ነፋስ መረብ ይቀዳል፣ ገመድ ይላላል፣ ቦዩ ይደፈናል። ይህ ማንም የሚጠብቀው ነገር ነው። ችግሩ ተራራ ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ማን ነው የሚለው ነበር። ነገሩ የተጀመረው እንደ ምርምር ነው፤ ነዋሪው ውጥኑ ውስጥ ብዙም አልነበረበትም። ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወጡ። አስተዳደሩ የእኔ ነው ብሎ አልያዘውም። የመንደሩ ኮሚቴ ደግሞ አቅሙም ገንዘቡም አነሰው። በዚያ ላይ ሕዝቡ ጨምሯል፤ ለጥቂት ሰው የተሠራ ውሃ ለሁሉም አልበቃም። ጉም የሚቀንስበት ወቅትም አለ። ሰዉ «እውነተኛ ውሃ» ማለትም እንደ ከተማው የቧንቧ ውሃ ፈለገ። እኔ አልፈርድባቸውም። እዚያው አገር ሌላው ዜጋ ቧንቧ ከፍቶ ሲጠጣ እነሱ በመረብ እንዲብቃቁ ማን ፈረደባቸው? ባለሥልጣኑም ቢሆን የተቀደደ መረብ ከመጠገን አዲስ ነገር ቃል መግባት ይቀለዋል። ለጥገና ሪባን አይቆረጥም።

መረቡ አይሠራም ማለቴ ግን አይደለም። በዚያው በኮኪምቦ ክልል ፔንያ ብላንካ የሚባል የገበሬዎች ማኅበረሰብ አለ። መሬቱም የራሳቸው፣ መረቡም የራሳቸው ነው። በጉም ውሃ ቢራ ሳይቀር ተጠምቆበታል፤ ጠላ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ለማንኛውም። ሞሮኮ ውስጥ ደግሞ ቡትመዝጊዳ ተራራ ላይ በ2015 የተመረቀው የጉም ማጥመጃ ሥራ በዳር ሲ ሕማድ ድርጅት ይመራል፤ ከመረቡ ጀርባ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ።

ወደ እኛ ልምጣ። በዚያው በ2015 ዶርዜ ውስጥ ከጉም፣ ከጤዛና ከዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም የቀርከሃ ማማ ተሠርቶ ነበር። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ በዋርካ ስም ሰየመው። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ነገ ደግሞ ጣርማ በር ላይ መረብ እንዘርጋ የሚል ሰው ቢሮዎ ቢመጣ አልገረምም፤ ጉሙ እንደሆነ አለ። እባክዎ አያባርሩት። ግን መረቡን ከማየትዎ በፊት የጥገናውን ወረቀት ይጠይቁት።

ይህ ለጉም ብቻ የሚሠራ ጥያቄ አይደለም። ከተመረቀ በኋላ በአንዲት ጎማ የቆመ የእጅ ፓምፕ፣ ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ የደረቀ ቦኖ በየወረዳው አለ። የውሃ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል። ከዚያ መለዋወጫው የት እንደሚሸጥ እንኳ የሚያውቅ ይጠፋል።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህንን ነው። የትኛውም የገጠር ውሃ ሥራ፣ በመንግሥትም ይሁን በእርዳታ የተሠራ፣ የጥገና በጀቱና የጥገና ኃላፊው በጽሑፍ ሳይታወቁ አይመረቅ። መለዋወጫው ከወረዳው ከተማ ሳይርቅ ይገኝ። ኮሚቴው ከየቤቱ የሰበሰበው ገንዘብ በአደባባይ ይነበብ። ከተመረቀ አምስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከሚኒስቴሩ አንድ ሰው ተመልሶ ይሂድና ያየውን በድረ ገጻችሁ ላይ ያውጣ፤ ቆሞ ካገኘውም ቆሟል ብሎ ይጻፍ። የምረቃው ፎቶ የወጣበት ገጽ ላይ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

መልስዎን በይፋ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የገጠር ውሃ ጉዳይ የሚያሳስበው አንድ ዜጋ