ለአባዬ፦ ስለ ጉጉቷና ስለ ቀይ ቀበሮው

አባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ? ይህን የሚያነብልዎት የአጎቴ ልጅ ነው። በስልክ እንዳላወራዎት፣ ገና አንድ ነገር ሳነሳ «አብሽሪ፣ ደህና ነኝ» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። አንተም ወንድሜ፣ የከበደህን ቦታ እየዘለልክ እንዳታነብላቸው፣ አደራ።

እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ገባች። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወረው፣ አሁን ሲስቅ ቁርጥ አንቱን ነው የሚመስለው። «አያቴ ጅብ ያናግራሉ ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል። ወልድያ ሙቀቱ በርትቷል፣ ጤፍም ተወዷል። ስለ ልጆቹ ገና ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ዙሪያውን መዞር ይሆንብኛል።

ነገሬ የደሴው የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነው።

መኪና ተይዞ፣ ጋቢዎ ታጥቦ፣ የአጎቴ ልጅ ሥራውን ትቶ፣ ሌሊት ጉጉት ጣራው ላይ ጮኸች ብለው ቀሩ። «ሚልኪው አላማረኝም» አሉ ሲሉኝ አንጀቴ አረረ።

በሚልኪ የምስቅ ልጅ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። ያሳደጉኝ እኮ አንቱ ነዎት። ጅብ ሲጮኽ በየት በኩል እንደመጣ፣ ስንት እንደሆነ በጆሮዎ ይለዩ ነበር። «ጂኑን እየለቀመልን ነው፣ ተኙ» ይሉናል፣ እኛም እንተኛለን። ቤታችን ንብ ከገባ ማንም አይነካውም። የላስታ ሰዎች ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው ብለው የሚተርኩትን እያነሱ «ንብ በረካ ያለበት ቤት ነው የሚያርፈው» ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ወፍ ደጃፌ ላይ ሲያርፍ ሥራዬን አቁሜ አየዋለሁ። ይህንን የሰጡኝ አንቱ ነዎት፣ አላህ ይስጥልኝ።

ግን ያ ጠዋትም አለ።

መካነ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ልገባ የወጣን ጠዋት። በቅሎዋ ተጭናለች። እማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሶ ቋጥራልኛለች። ከደንቆሮ ጫካ አፋፍ፣ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ከሆነው፣ ስንደርስ ቀይ ቀበሮ ከፊታችን ወደ ግራ አቋረጠ። አንቱ በቅሎዋን መለሱ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ እያለቀስኩ ከኋላ ተከተልኩ። ጓደኞቼ ሲማሩ እኔ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስቀዳና ኩበት ስለቅም ከረምኩ። በዓመቱ አጎቴ መጥቶ ባይሟገትልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው ነበር የምፈልገው። ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። በእማ ለቅሶ ሰሞን አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። እኔ ደግሞ አንቱን መጥላት ስላልቻልኩ ቀበሮውን ጠላሁት።

ባለፈው በጋ ለሥራ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጣን። የገበሬውን ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ልንከትብ ነው፤ በሽታው ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ስለሚተላለፍ። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የለም፣ በእኛም አገር ለአቅመ መራባት የደረሱት 500 አይሞሉም ይባላል። ቦታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ማለዳ ጓደኞቼ ሳይነሱ ለብቻዬ ወጣሁ። ጅብራው መሃል ቆሞ ያየኛል። ቀይ ነው፣ ጉሮሮው ነጭ፣ እግሩ ቀጭንና ረጅም። አልሸሸም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ንዴት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። እሱ ትንሽ አየኝና አፍንጫውን ወደ ፍልፈል ጉድጓድ መለሰ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን ለብቻው ነው የሚውለው። አይጥና ፍልፈል እያደነ፣ ማንንም ሳይከተል። ሲመሽና ሲነጋ ግን ከቤተሰቡ ጋር ይገናኛል፣ አብረው ግዛታቸውን ይዞራሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ቡችሎቹንም የወለደችው ብቻ ሳትሆን ሌሎቹም ይመግባሉ። ይህን በሥራዬ ድሮም አውቀው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ለእኔ የተነገረ መሰለኝ። ሰው ለብቻው ይወጣል፣ እንጀራውን ይፈልጋል፣ ማታ ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። የልጅነቴም ቀበሮ «ሂጂ፣ ትመለሻለሽ» ብሎኝ ይሆናል እላለሁ። አንቱ የሰሙት ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ምናልባት ያን ጠዋት የመለሰን ቀበሮው አልነበረም። ልጅዎ ከእጅዎ ልትወጣ መሆኗን ፈርተው ነበር። ፈራሁ ማለት ከብዶዎት በቀበሮው አሳበቡ። ከተሳሳትኩ ይቆጡኝ። አሁን ደግሞ ጉጉቷ ላይ የጫኑት ያንኑ ይመስለኛል። ኦፕራሲዮኑን ፈርተው ከሆነ ፈራሁ ይበሉኝ። ወላሂ አላፍርብዎትም። እኔም ፈርቻለሁ።

ቡና ሲፈላ በአቦሉ ላይ ያወሩን የነበረውን ያስታውሱ። ሱለይማን የወፍ ቋንቋ ተምረው፣ ሁድሁድ ከሰበእ አገር ወሬ አመጣላቸው። ወፉ ወሬ አመጣ እንጂ መንገድ አልዘጋም። ነቢያችንም ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በወፍ ገድ ማየት የለም ብለዋል፤ በዚያው ሐዲስ የጥንት ዐረቦች ይፈሩት የነበረው የሌሊት ጯኺም ተነስቷል፣ ዑለማዎች ብዙዎቹ ጉጉት ነው ይሉታል። እሳቸው የሚወዱት መልካም ቃል ነበር። ይህን ከእኔ በፊት አንቱ ያውቁታል፣ ልጅ አባቱን ዲን አያስተምርም። ግን ትልቅ ሰውም ሲጨንቀው አስታዋሽ ይፈልጋል።

በሽታው የዓይን ሞራ ነው። በጠብታ አይለቅም፣ ዱአም እናደርጋለን፣ ሐኪምም ያየዋል። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገቡበታል። የሚያደነዝዙት ዓይኑን ብቻ ነው፣ እርስዎን አያስተኙም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሲቆይ ግን ሞራው እየጠጠረ ሥራውን ያከብደዋል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ ጎንበስ እንዳይሉ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ ይነግሩዎታል። ስለ ውዱእና ስለ ሱጁድ እንደሚጨነቁ ስለማውቅ የሰፈራችንን ኢማም ጠየቅኩ። ለታመመ ሰው ዲኑ ገር ነው፣ ተቀምጠው በምልክት ይሰግዳሉ አሉኝ።

ትንሹን እስከ ዛሬ የሚያውቁት ፊቱን በእጅዎ ዳብሰው ነው። ይህ ነው የሚከነክነኝ። ሌላም የምፈራው አለ፣ እሱን በወረቀት አልጽፈውም።

ሌላ ቀጠሮ አስይዣለሁ፣ የሚመጣው ሐሙስ ነው። ረቡዕ እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ አብሬዎትም አድራለሁ። ጉጉት ከጮኸች አብረን እንሰማታለን፣ ጠዋት ግን እንሄዳለን። በቅሎ የለም፣ የሚመለስም የለም። የስኳር ኪኒንዎን አያቋርጡ፣ ቡናውንም ያለ ስኳር ይጠጡ። የድሮው የሕክምና ካርድ ሳጥኑ ውስጥ ከእማ ነጠላ ሥር ነው ያለው፣ የአጎቴ ልጅ ያውጣው። ለመኪናው ገንዘብ ልኬያለሁ፣ ለማንም እንዳያበድሩት።

ልጅዎ